ካዛንቺስ ውስጥ ድምፅ ስለካ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ባንክ ቤት ሄጄ ቅጽ ስሞላ «የቀድሞ ሥራ» የሚል መስመር አጋጠመኝ። «የድምፅ ብክለት ተቆጣጣሪ» ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ ማለቴ… እንደዚህ የሚባል ሥራ አለ እንዴ?»

«አለ» አልኳት።

«እና ምንድን ነው የሚሠራው?»

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። «ሰው በሰላም እንዲተኛ ነው» ብዬ አሳጠርኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን መልሴ ከነከነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ በዚያ አያልቅም። እንዲያውም ከሁሉ የሚያመኝ ጉዳይ ከእንቅልፍ ጋር ምንም አይገናኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። በሳኒታሪያንነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ለመቆጣጠር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ቢላዋና መክተፊያ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድና የሠራተኛ የጤና ካርድ ሳይ ኖርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝና «ለድምፅ ቁጥጥር ሰው ስጡን ብለውናል። አንቺ ነገር አትወጂም፣ ድምፅሽም አይሰማም፤ ሂጂ» አሉኝ። ሹመት ይሁን ቅጣት ሳይገባኝ ሄድኩ። ደመወዙ ያው ነበር። አዲሱ ቢሮዬ ካዛንቺስ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የድምፅ መለኪያ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ጋሽ አበራ።

ጋሽ አበራ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ቡኒ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። መለኪያውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው «እሱ ይቆይ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሣሪያውን ሳልነካ ከኋላ ከኋላቸው ዞርኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ድምፃቸውን ነው። አንድ የካሴት መሸጫ ነበር፤ በሩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ስፒከር ያቆመ። ጋሽ አበራ ገቡና ለባለ ሱቁ በዚያች በለሆሳስ አነጋገራቸው አንድ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉ?» አለ ልጁ።

ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ደገሙለት።

«አልሰማሁም፣ አባት!»

ሦስተኛ ሲደግሙለት ልጁ ሳያስበው እጁን ዘረጋና ዘፈኑን ቀነሰው። ያኔ ጋሽ አበራ ፈገግ ብለው «በቃ፣ እዚሁ ላይ ተወው። ሰውና ሰው የሚሰማማበት ልክ ይሄ ነው» አሉት። ልጁ ሳቀ። ማስጠንቀቂያ አልጻፍንም።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነበር። አቤት ያለ ሰው ቤት ስንገባ፣ ገና ሳንቀመጥ፣ «ድምፁ ምን ወሰደብዎት?» ብለው ይጠይቃሉ። «ረበሸኝ» የሚለውን መልስ አይቀበሉም። «መረበሹንማ ሰማን፤ ምን ወሰደብዎት?» ይላሉ። አንዱ እንቅልፌን ይላል፣ አንዷ የልጄን ጥናት ትላለች፣ አንድ ሽማግሌ የሬዲዮ ዜናዬን ብለውን ያውቃሉ። ጋሽ አበራ መልሱን ከቁጥሩ በፊት፣ ማስታወሻቸው የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ በእርሳስ ይጽፉታል።

ቡልጋሪያ አንዲት አራስ ከጎኗ ባለው ጋራዥ ላይ አቤት አለች። ጋሽ አበራ ያንኑ ጠየቋት።

«ጡቱን» አለች።

አልገባኝም ነበር። ባትላሜራው መዶሻውን ባነሳ ቁጥር ልጁ እየደነገጠ ጡቱን ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና ለመያዝ ያለቅሳል፤ ሲይዝ ደግሞ መዶሻው ይመለሳል። ልጁ እየከሳ ነበር። ጋራዡ ስንገባ ባትላሜራው የመኪና በር ባዶ ብረት ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጣል። ጋሽ አበራ አልተቆጡትም። አሮጌ ጎማ አስመጥተው ከብረቱ ሥር አነጠፉ፤ አሸዋ የሞላ ጆንያ አስመጥተው በሩን እሱ ላይ አስደገፉት። «አሁን ምታው» አሉት። መታው። ድምፁ ደነዘዘ። «የሚጮኸው መዶሻው አይደለም፣ የሚንቀጠቀጠው ላሜራ ነው። የሚደገፍበት ካገኘ ዝም ይላል» ብለው አስረዱን።

ባትላሜራው መዶሻውን ይዞ ቆመ። «ሠላሳ ዓመት ስቀጠቅጥ ይሄን የነገረኝ የለም» አለ። ለራሱ ጆሮም ቀለለው። ሴትየዋ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ባትላሜራውንም እኛንም ጠራችን፤ ባትላሜራው ለልጁ ሹራብ ይዞ መጣ።

መለኪያውን የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ነፋስ እንዳያሳስተው ጫፉ ላይ ጥቁር ስፖንጅ ይደረግለታል። ከግድግዳ መራቅ አለበት፤ ከደረትም አንድ ክንድ ያህል ይርቃል፤ ግድግዳም ሰውም ድምፅ ይመልሳሉና። ቁልፍ ኪስ ውስጥ መንሿሿት የለበትም። አንዴ ድምፁ እያለ፣ አንዴ ድምፁ ቆሞ ይለካል፤ ካዛንቺስ ራሷ መቼም ዝም ብላ አታውቅም፣ የሷን ከሰውየው መለየት ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤት ቀን ከሃምሳ አምስት ዴሲቤል አይለፍ ይላል ደንቡ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተማርኩ። ጋሽ አበራ ለምን ሦስት ሳምንት እንዳስጠበቁኝ ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

አለቆች ተፈራረቁ። አንዱ «ስንት አሸጋችሁ?» እንጂ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ሌላው ሪፖርቱ በቀለም እንዲታተም እንጂ እንዲነበብ አይፈልጉም ነበር። ጋሽ አበራ ሁሉንም በዚያችው ዝግ ባለች ድምፃቸው «እሺ» እያሉ ሥራቸውን ሠርተው፣ አንድ ዓርብ የመሳቢያውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው ጡረታ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሆቴሉ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ የሱቅ ማስታወቂያው ይበዛል፤ እኔ አንድ ነኝ። ቁጥር ፈጣን ነው። ገብቼ፣ ለክቼ፣ ጽፌ መውጣት ለመድኩ። ጥያቄዋን መቼ እንደተውኳት እንኳ አላውቅም።

አቶ ሐጎስን ያወቅኳቸው በዚያ ጊዜ ነው። ዓይነ ስውር ናቸው። በነገረ ፈጅነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ካዛንቺስ በአንዲት የቀበሌ ቤት ከእኅታቸው ልጅ ከለተብርሃን ጋር የሚኖሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው እየነገሯት እሷ የጻፈችው ባለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ መንገዱ ጥግ ላይ ያለ የሞባይል ሱቅ ከጠዋት ጀምሮ በስፒከር ይጮኻል ይላል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ በሳምንት አምስት ስድስት ይመጣል። ገጹን አልገለጥኩትም።

በዚያ ቀን አራት ቦታ መሄድ ነበረብኝ። ቤታቸው ስደርስ አቶ ሐጎስ ነጭ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር። ሰላም ብዬ መስኮቱ አጠገብ ለካሁ።

«ስንት አለ?» አሉኝ።

«ሃምሳ ሁለት። ከተፈቀደው በታች ነው፣ አቶ ሐጎስ።»

«እኔ እኮ እዚህ ቤት ውስጥ…»

«ይገባኛል፤ ግን ደንቡ የሚለው መኖሪያ ቤት ነው። የምለካውም መኖሪያዎን ነው።»

 «እመቤቴ፣ ማመልከቻዬን አንብበውታል?»

«አንብቤያለሁ» አልኩ።

«ጥሰት አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ፈርሜ ወጣሁ። ጥጉ ላይ ባለው ሱቅ ፊት ለፊት አለፍኩ፤ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ሰዓቴን አይቼ ወደ ቀጣዩ ቦታ ሄድኩ።

ክረምቱ እንደገባ በዚያ መንገድ ሳልፍ ስፒከሩ ዝም ብሏል። ባለ ሱቁ ሙባረክ የሚባል ተጫዋች ወጣት ነጋዴ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄው ስለነበር እንተዋወቃለን። ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» ብዬ ቀለድኩ።

«አልሰሙም እንዴ ማዘር? ጋሽ ሐጎስን ሚኒባስ ገጫቸው። ትናንት፣ እዚህ፣ እኔ ፊት።» አፉን በእጁ ሸፈነ። «ሹፌሩ ክላክስ አድርጓል አሉ። እኔ ራሴ አልሰማሁትም። በቃ፣ የሚሰማው የኔ ዘፈን ነበር።»

ቢሮ ተመልሼ ማመልከቻውን ከፋይል አወጣሁና ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ድምፁ ቤታቸው ውስጥ እንደማይረብሻቸው፣ የሚያመለክቱት ስለ መንገዱ እንደሆነ ጽፈዋል። መንገድ የማቋርጠው በጆሮዬ ነው፤ ስፒከሩ ሲጮህ መኪናው አይሰማኝም፤ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተርፌያለሁ ይላል። መጨረሻው ላይ ልኬቱ ቤት ውስጥ ሳይሆን ጥጉ ላይ እንዲደረግ በአክብሮት ይለምናል።

የማደርገው ጠፋኝ። እግሬ የወሰደኝ ቂርቆስ፣ ጋሽ አበራ ቤት ነው። ካየኋቸው ቆይቶ ነበር። ጆሯቸው ደክሟል። በለሆሳስ ያስተማሩኝን ሰው፣ የሆነውን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኳቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኛል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለሰውየው ነገርሽው?» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለተገጨው ሰው። እንዳላነበብሽለት።»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ፤ ደግነታቸው ግን ከፊታቸው አልጠፋም። ተነሥተው እስከ በር ሸኙኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ስደርስ ሙባረክ ኮሪደሩ ላይ የጁስ ፌስታል ይዞ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ መግባት ፈርቶ ነው። አልፌው ገባሁ። የአቶ ሐጎስ ቀኝ እግር እስከ ጭናቸው በጀሶ ታስሯል። ለተብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

«ጥሩወርቅ ነኝ፤ ድምፅ የለካሁት» አልኩ።

«በእርምጃዎ ለይቼዎታለሁ። ያን ቀን ቸኩለው ነበር፤ ዛሬ ቀስ ብለዋል።»

«ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም ነበር። አንብቤያለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

«አውቄዋለሁ» አሉ። «ነገረ ፈጅ ነበርኩ እኮ። ያነበበ ሰው እንደዚያ አይመልስም።» ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። «እግሬ አይደለም የሚያቃጥለኝ። እግር ይጠገናል። ያንን ጽሑፍ ሁለት ቀን ቃል እየመረጥኩ ነው ያስጻፍኩት። ይቺ ልጅ ከሥራ ደክማ መጥታ፣ ሦስት ጊዜ አስገልብጫታለሁ። ለሚያነብ ሰው ብዬ ነበር።»

 ቆሜ አለቀስኩ። ድምፅ ላለማሰማት ብሞክርም እሳቸው ዘንድ ይህ አይቻልም።

«ይተዉ በቃ» አሉኝ ቆይተው። «ነርሷ ስትመጣ እኔ የመታሁዎት ይመስላታል።»

ለተብርሃን ሳታስበው ሳቀች። ያኔ ደጅ ሙባረክ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ያ ጯሂ?»

«አዎ።»

«ምን ይዟል?»

«ጁስ።»

«የምን?»

«የማንጎ።»

ትንሽ አሰቡ። «ይግባ» አሉ።

ከሆስፒታል ወጥተው በበትርና በክራንች መራመድ ሲጀምሩ እኔን ጥጉ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። ዓይኔን በነጠላዬ አስሸፈኑኝ። «ምን ይሰማዎታል?» አሉኝ። «መኪና» አልኩ። «መኪናማ ለሁሉም ይሰማል። የትኛው ቆሟል፣ የትኛው ሊነሣ ነው?» እያሉ አንድ በአንድ አስለዩኝ። ሚኒባስ ከመነሣቱ በፊት በሩ በኃይል ይዘጋል፤ ሞተሩ አንዴ ያጓራል። እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማ ከሩቅ ይሰማል። ግድግዳው አልቆ ቅያሱ ሲጀምር አየሩ ሰፋ ይላል። ቀስ በቀስ መንገዱ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ሙባረክን «ክፈተው» አሉት።

ዘፈኑ ሲጀምር መንገዱ ጠፋ። ሌላ ቃል የለኝም። የቆምኩበትን ጠርዝ እንኳ ማወቅ አቃተኝና እጃቸውን ያዝኩ።

«አሁን ይለኩ» አሉኝ።

እዚያው ለካሁ። አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውንም በራሴ ፊርማ ሻርኩት። አለቃዬ «ደንቡ ስለ መንገድ ማቋረጫ አይልም» አሉኝ። «አይልም እንጂ አይከለክልም» አልኳቸው፤ በሥራ ዘመኔ ለአለቃ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ለስህተቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኝ ነበር። ግን ሪፖርቱ ላይ ፈረሙ። ሙባረክ ስፒከሩን ራሱ ወደ ውስጥ አዞረው፤ ከዚያ መንገድ ማቋረጫ ያላቸውን ጥጎች አብሮኝ እየዞረ ሌሎቹን ነጋዴዎች ማሳመን ያዘ። «ብራዘር፣ በቃ ወደ ውስጥ አዙረው፤ እኔም አዙሬያለሁ፣ ገበያ አልቀነሰም» ይላቸዋል። ከእኔ ወረቀት የሱ ወሬ ይበልጥ ሠራ። አንዳንዱ እሺ አለ፤ አንዳንዱ እኔ ስሄድ መልሶ ያወጣል። እኔም መልሼ እሄዳለሁ።

የአቶ ሐጎስ እግር ዳነ ተባለ። ማነከሱ ግን አልቀረም።

በሥራዬ የመጨረሻ ዓመት ካዛንቺስ ፈረሰች። የማውቃቸው ቤቶች፣ አቤት የሚለውና አቤት የሚባልበት፣ በአንድ ላይ ተነሡ። ለተወሰኑ ቀናት የኤክስካቫተር ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ አቧራና ጸጥታ። ሙባረክ ሳሪስ ሱቅ ተከራየ። አቶ ሐጎስና ለተብርሃን ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ያለች አንድ ክፍል ገቡ።

ጡረታ ወጥቼ ልጠይቃቸው ስሄድ ለተብርሃን በር ላይ ተቀበለችኝ። «እትዬ ጥሩዬ፣ አጎቴ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም» አለችኝ በሹክሹክታ። እሳቸው ከውስጥ «ሰምቻለሁ!» አሉ።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከስተዋል። «ካዛንቺስን አርባ ዓመት ነው የተማርኳት፣ ጥሩወርቅ» አሉኝ፤ አንቺ ይሉኝ ከጀመሩ ቆይተዋል። «እዚህ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚመታ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ሌላ ከተማ አልማርም።»

«እኔ ሥራ ፈት ነኝ» አልኳቸው። «ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ።»

በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ አብረን ወጣን። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግቢው በር፣ በሁለተኛው እስከ ዳቦ ቤቱ ደረስን። እሳቸው እየቆሙ ያዳምጣሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ። መጠበቅ ነበር ከእኔ የሚፈለገው። ዝናብ ሲመጣ ተመለስን፤ አንድ ቀን የቆመ መኪና አስቷቸው ሲደናቀፉ ተናደው ለሳምንት አልወጣም አሉ። በሳምንቱ ራሳቸው ደወሉልኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመሄጃዬ ቀን ሳይሆን፣ ስልኬ ጠራ። የሳቸው ቁጥር ነው። «አቤት» ስል «ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ።

ባቡሩ ሲያልፍ ሰማሁ። ወያላ «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል። የበትራቸው ጫፍ ኮንክሪት ይነካል።

«ከማን ጋር ነዎት?» አልኩ ደንግጬ።

«ከማንም ጋር። ለተብርሃን ሥራ ላይ ናት።»

«ስልክ ይዘው መንገድ…!»

«ስልኩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ነፃ ነው። አንቺ ዝም በይ።»

 ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ምድጃውን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ አዳመጥኩ። እርምጃቸው ይሰማኛል፤ አንዱ እግር ከሌላው ዘግየት ይላል። ያን እግር ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ቆሙ። የሚኒባስ በር በኃይል ተዘጋ፤ ሞተሩ አጓራ፤ አለፈ። ጠበቁ። ከዚያ ተራመዱ። 

«ሁለት ዳቦ» አሉ ለአንዲት ሴት። ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ሴትየዋ «ላድርስዎት አባባ?» ስትል «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ» አሏት።

መንገዱን መልሰው ተሻገሩ። የግቢው ብረት በር ጮኸ። ጥቂት እርምጃ፣ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።

«ገባሁ» አሉ።